ዘንጉ ሳይሰበር፣ ዓሣውም ሳይሞት

ዓሣን መብላት በብልሃት ነው ይላሉ የአገራችን ሰዎች። ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ነገሩ ስለ አጥንቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጉሮሮ የሚወጋ አጥንት አለውና ስትበሉ ተጠንቀቁ ማለታቸው ነው ብዬ ትቼው ነበር። ብልሃት የሚባለው ነገር ከመብላት በፊት፣ እንዲያውም ጨርሶ ሳይበሉም እንደሚያስፈልግ የገባኝ ዕድሜዬ ከሃምሳ ካለፈ በኋላ፣ ያውም በሰው አገር ወንዝ ዳር ቆሜ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘመድ ጥየቃ ወደ ካናዳ ሄጄ ነበር። ሕግ ስንማር የክፍል ጓደኛዬ የነበረ አንድ ወዳጄ ኖቫ ስኮሺያ በምትባለው የባሕር ዳርቻ ክፍለ ግዛት ይኖራል። በዩኒቨርሲቲ ሳለን ከመጽሐፍና ከክርክር ሌላ ሱስ ያልነበረው ሰው፣ በስደት ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ጠበቀኝ። አንድ ቅዳሜ ማለዳ በመኪናው ጭኖ ወንዝ ዳር ወሰደኝና እሱ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገባ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከፔርሙስ ቡና እየቀዳሁ አየው ጀመር። ቀጭን ዘንጉን ወደ ኋላ ወደ ፊት እያወዛወዘ፣ ከላባና ከክር የተሠራች የውሸት ዝንብ ውኃው ላይ ይጥላል፤ ያነሳል፤ ደግሞ ይጥላል። እስከ እኩለ ቀን ድረስ አንድም ነገር አልያዘም።

ከቀትር በኋላ ግን ያ ዘንግ በድንገት እንደ ቀስት ደጋን ጎበጠ። ተሰበረ ብዬ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ወዳጄ ግን አልጎተተም። ዓሣው ሲሮጥ ክሩን ይለቅለታል፤ ሲቆም ይጠቀልላል፤ ከውኃው ሲዘል ዘንጉን ዝቅ ያደርግለታል። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ በብር የተለበጠ የሚመስል፣ ከ5 ኪሎ የማያንስ ሳልሞን እግሩ ሥር መጣ። እኔ በሐሳቤ ጠብሼ በዳጣ እያጣጣምኩት ነው። ወዳጄ እጁን ውኃ ውስጥ ነክሮ መንጠቆውን በቀስታ አወጣለት፣ ፊቱን ወደ ውኃው መምጫ አዙሮ ለጥቂት ጊዜ ደግፎ ያዘው፣ ከዚያም ለቀቀው!

መቼም የሕግ ሰው ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ነገር ባለቤት ለመሆን አስቦ የያዘ ሰው ባለቤቱ ይሆናል እንደሚል አስታውሼ፣ የገዛ ንብረቱን ወንዝ ውስጥ የጣለ ሰው ዛሬ ገና አየሁ አልኩት። እየሳቀ ሁለት መልስ ሰጠኝ። አንደኛው፣ በዚያ አካባቢ ትልቅ ሳልሞን ይዞ መለቀቅ ያለበት በሕግ ነው። ሁለተኛው፣ ሕጉ ባይኖርም እሱ ይለቅ እንደነበረና ለዚህም ምክንያቱ ሊ ዉልፍ የተባለ አንድ ሰው መሆኑን ነገረኝ። ያን ዕለት ማታ ስለዚህ ሰው ማንበብ ጀመርኩ። ዛሬ የማወጋችሁም ስለሱ ነው።

ሊ ዉልፍ የተወለደው እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 1905 አላስካ ውስጥ፣ ቫልዴዝ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። ወርቅ ፍለጋ ሰው ወደ ሰሜን ይጎርፍ በነበረበት ዘመን የተቆረቆረች፣ ከኋላዋ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከፊቷ ባሕር ያላት ትንሽ ከተማ ነበረች። እንደኛ አገር የወንዝ ዳር ልጆች ሁሉ ዉልፍም ዓሣ ማጥመድን የተማረው ከመራመድ ብዙም ሳይርቅ ነው። በዚያ አገር ሳልሞን ብርቅ አይደለም። በበጋው ወራት ከባሕር ወደ ወንዙ ሲመለስ ውኃው በዓሣ ጀርባ የተሞላ ይመስላል። ልጁ ያየውን ግን ልብ በሉልኝ። በፓስፊክ ውቅያኖስ በኩል ያለው ሳልሞን ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል፣ እንቁላሉን ይጥላል፣ ከዚያም ይሞታል። አንድም አይተርፍም። የወንዙ ዳርቻ በሞተ ዓሣ ይሞላል፤ ድብና ንስር ይሰበሰብበታል። ይህን ነገር ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ቤተሰቡ ከአላስካ ወጥቶ በመጀመሪያ ወደ ኒው ዮርክ ብሩክሊን፣ ኋላም ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። ዉልፍ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምሕንድስና አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1926 ተመረቀ። ወላጅ የሚያኮራ ዲግሪ ነው። እሱ ግን ድልድይና መንገድ ልሥራ አላለም። ሥዕል ለመማር ፓሪስ ገባ። ከዚያ ተመልሶ ኒው ዮርክ ውስጥ የማስታወቂያ ሠዓሊ ሆኖ እንጀራውን ይበላ ጀመር። በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ ልጁ ተበላሸ ተብሎ ሽማግሌ ይላክበት ነበር። ነገር ግን የዚህን ሰው ሕይወት ሳነብ፣ ምሕንድስናውም ሥዕሉም አንዱም እንዳልባከነ ነው የተረዳሁት። ዘንግ የሚታጠፈው በምሕንድስና ሕግ ነው፤ ዝንቧን ለዓሣ ዓይን የሚያሳምራት ደግሞ የሠዓሊ እጅ ነው።

በዝንብ ማጥመድ የሚባለው ነገር ለብዙዎቻችን እንግዳ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። በተራው መንጠቆ ላይ የሚሰካው ትል ወይም ሥጋ ነው፤ ክብደት ስላለው ወርውረውት ይሄዳል። በዚህኛው ግን መንጠቆው ላይ የታሰረው ላባና ፀጉር ብቻ ስለሆነ ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ የሚወረወረው ወፈር ያለው ክር ራሱ ነው፤ ዝንቧ ተከትላው ትሄዳለች። ለዚህም ዘንጉ ተለማጭ መሆን አለበት። በዉልፍ ዘመን ጥሩ ዘንግ የሚሠራው ከቀርከሃ ነበር። ቀርከሃው በቀጫጭኑ ተሰንጥቆ፣ ተልጎ፣ በሙጫ ተጣብቆ እንደገና አንድ ይሆናል።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ የነበሩት ዝንቦች ክንፋቸው ከስስ ላባ ስለሚሠራ ቶሎ ይረጥባሉ፤ አንድ ዓሣ ከያዙ በኋላም ይበታተናሉ። ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 ገደማ በላባው ፈንታ የአጋዘን ጅራት ፀጉር አስሮ ሞከረ። ፀጉሩ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ይበረታል፣ ደጋግሞም ይሠራል። እነዚህ ዝንቦች እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራሉ። በዚያው ሰሞን ዕቃውን ሁሉ በእጅ ቦርሳ ይዞ ወንዝ ውስጥ መቆም ሲያስቸግረው፣ ኪስ በኪስ የሆነ ሰደርያ በራሱ እጅ ሰፋ። ዛሬ ዓሣ አጥማጁም ፎቶ አንሺውም የሚለብሱት ያ ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ አባቱ ዉልፍ ነው ይባላል። ለዚህ ብቻ እንኳ ስሙ ሊጠራለት በቻለ ነበር።

ስሙን ያገነነው ግን ሳልሞን ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኖቫ ስኮሺያ ወንዞች ዘልቆ የአትላንቲክ ሳልሞንን ተዋወቀ። በዘመኑ ይህን ዓሣ በማጥመድ ረገድ ሕግ አውጪዎቹ እንግሊዞችና ስኮትላንዶች ነበሩ። እነሱ ዘንድ የሳልሞን ዘንግ ማለት ከ4 እስከ 5 ሜትር የሚረዝም፣ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ከባድ ነገር ነው። ትልቅ ዓሣ ትልቅ ዘንግ ይፈልጋል፤ ለምን ቢባል፣ በቀጭን ዘንግ ከተያዘ ይሰብረዋልና። ይህ ለመቶ ዓመታት ያህል ያልተጠየቀ እውነት ነበር።

ዉልፍ ጠየቀ። በ1940ዎቹ ይዞት ወንዝ የገባው ዘንግ ቀስ በቀስ እያጠረና እየቀለለ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 50 ግራም ብቻ ሆነ። ከአንድ ብርጭቆ ያነሰ ክብደት ነው። በዚህ ዘንግ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ጉልበቱ የትየለሌ የሆነውን ዓሣ ይይዝ ጀመር። ብዙ ሰው ውሸታም አለው። ሌላው ደግሞ ዓሣዎቹ ደካማ ቢሆኑ ነው አለ።

የዉልፍ ክርክር የመሐንዲስ ክርክር ነው። ዓሣውን የሚይዘው ዘንጉ ሳይሆን ክሩ ነው። መንጠቆው ጋ ያለው የክሩ ጫፍ 3 ኪሎ የሚችል ከሆነ፣ ዘንጉ ምንም ያህል ቢከብድ ከ3 ኪሎ በላይ መሳብ አይቻልም። ታዲያ የዘንጉ ሥራ ምንድን ነው? እንደ መኪና ሞላ ሆኖ ድንገተኛውን ንቅናቄ ማርገብ ነው። እንዲያውም ረጅም ዘንግ ለዓሣው ነው የሚያደላው። ሊቨር መሆኑን አስቡት። ረጅሙ ጫፍ ያለው ዓሣው ጋ ነው፣ አጭሩ ሰውየው እጅ ውስጥ ነው፤ ዘንጉ በረዘመ ቁጥር የሚደክመው የሰውየው ክንድ ነው። አጭር ዘንግ ላነሰው ቁመት ደግሞ የሰው ልጅ እጅ አለው፤ እጅን ወደ ላይ መዘርጋት፣ መራመድ፣ መሮጥ ይቻላል።

ከዚህ የሚከተሉት ዘዴዎች ዛሬ ማንም የሳልሞን አጥማጅ የሚያውቃቸው ናቸው። ዓሣው መጀመሪያ ሲሮጥ አታቁመው፤ የክሩ መጠቅለያ ያለ ንቅናቄ እየተለቀቀ ይሩጥ። ሩጫው ጉልበቱን ይጨርሳል። ከውኃ ሲዘል ዘንግህን ዝቅ አድርገህ ክሩን አላላው። ዓሣ ውኃ ውስጥ ሳለ ውኃው ይሸከምለታል፤ አየር ላይ ሲወጣ ግን ሙሉ ክብደቱ ነው፣ በተወጠረ ክር ላይ ከወደቀም ይበጥሰዋል። ሁልጊዜ ከዓሣው በታች፣ ወደ ውኃው መውረጃ ሁንና ውኃውንም አንተንም እንዲታገል አድርገው። ፊት ለፊት ከመሳብ ወደ ጎን ሳበው፤ ሚዛኑን የሚያስተው እሱ ነው። አጥማጆች በግምት ለእያንዳንዱ ፓውንድ አንድ ደቂቃ ይበቃል ይላሉ። አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው።

ዘንግ የሚሰበረው ታዲያ መቼ ነው? ብዙ ጊዜ ዓሣው ሩቅ ሳለ አይደለም። እግር ሥር ከደረሰ በኋላ ነው። ሰውየው አለቀ ደቀቀ ብሎ ይቸኩላል፣ ክሩን እስከ መጨረሻው ያሳጥራል፣ ዘንጉን ወደ ሰማይ ቀጥ ያደርጋል። ያን ጊዜ በዘንጉ ሁለመና መከፋፈል የነበረበት ጫና ሁሉ ቀጭኑ ጫፍ ላይ ያርፋል። ዓሣው ለመጨረሻ ጊዜ ሲወራጭ ቀጭ ይላል። መፍትሔው ዘንጉን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ ወደ ኋላ ተራምዶ፣ ዓሣውን ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ መምራት ነው። በዉልፍ ዘመን አብዛኛው ሰው የሚጨርሰው ዓሣውን በብረት ሜንጦ ወግቶ ነበር። ዉልፍ ግን የሳልሞን ጅራት ሥሩ ጠንካራ፣ ለእጅ የሚመች መሆኑን አይቶ በባዶ እጁ ጅራቱን ጨብጦ መያዝን አስለመደ። የተወጋ ዓሣ አይለቀቅም፤ በጅራቱ የተያዘ ግን ይለቀቃል።

የሚያሾፉበት ሰዎች አላቆሙም። ስለዚህ በ1940ዎቹ ውስጥ አንድ ቀን ክርክሩን እስከ ጥጉ ወሰደው። ዘንጉን ጨርሶ ተወው። ክሩን በእጁ ወርውሮ፣ መጠቅለያውን በአንድ እጁ ጨብጦ፣ ወደ 10 ፓውንድ የሚጠጋ ሳልሞን ያለ ምንም ዘንግ ይዞ አወጣ። ሕግ ቤት ይህን ዓይነቱን ማስረጃ ማስተባበል ከባድ ነው። ዘንጉ ካልተያዘ ሊሰበር አይችልማ! በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የረጅሙ ዘንግ አገር ወደሆነችው ስኮትላንድ ተሻግሮ፣ ዲ በሚባለው ታዋቂ ወንዝ ላይ፣ በዚያች አጭር ዘንጉ፣ በካሜራ ፊት ሳልሞን አውጥቷል። የስኮትላንድ ሰዎች ዘንጋቸውን አልጣሉም። መጣልም አልነበረባቸውም፤ ሰፊ ወንዝ ላይ ርቆ ለመወርወር ረጅሙ ዘንግ ዛሬም ጥቅም አለው። ትልቅ ዓሣ የግድ ትልቅ ጉልበት ይፈልጋል የሚለው እምነት ግን ያን ቀን ተሸነፈ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዉልፍ ልውሰዳችሁ። በ1930ዎቹ መጨረሻ የኒውፋውንድላንድ የቱሪዝም ባለሥልጣናት የአገሩን ወንዞች በፊልምና በጽሑፍ እንዲያስተዋውቅላቸው ቀጠሩት። ያኔ ኒውፋውንድላንድ የካናዳ አካል አልነበረችም፤ የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዉልፍ በደሴቲቱ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ፖርትላንድ ክሪክ በተባለ ቦታ የአጥማጆች ማረፊያ ከፈተ። መንገድ የሌለው አገር ነበርና በ1947፣ በ42 ዓመቱ፣ በረራ ተምሮ ውኃ ላይ የምታርፍ አነስተኛ አውሮፕላን ገዛ። ጭጋግ በማይለየው በዚያ ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ያለ ሬዲዮ መሪ፣ ወንዝ ከወንዝ እየተዘዋወረ ይበር ነበር።

ከአየር ላይ ሲታይ ደግሞ ከምድር የማይታይ ነገር ይታያል። ወንዙ የሚገባበት ባሕር ላይ የተዘረጉት መረቦች፣ ወደ ላይ የሚወጣው ዓሣ፣ በየዓመቱ የሚሳሳው ቁጥር። ዉልፍ በዚህ ጉዳይ ላይ መጻፍ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ባወጣው የዓሣ ማጥመድ መመሪያ መጽሐፉ ውስጥ፣ ለስፖርት የሚጠመድ ዓሣ አንድ ጊዜ ብቻ ተይዞ እንዲያልቅ የማይገባው ውድ ነገር መሆኑን አስፍሯል። ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል። በዚያን ዘመን ግን የአጥማጅ ክብር የሚለካው ቤቱ ይዞት በሚመጣው የሞተ ዓሣ ቁጥር ነበር። እኛ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንደምንለው፣ እነሱም ከወንዝ ባዶ እጁን የተመለሰን ሰው ይስቁበት ነበር። ዉልፍ ግን የያዘውን እየለቀቀ ባዶ እጁን መመለስን የክብር ምልክት ሊያደርገው ተነሳ።

አላስካን ታስታውሳላችሁ? ዉልፍ በተወለደበት አገር ሳልሞን እንቁላሉን ከጣለ በኋላ ሁሉም ይሞታል። ዕድሜውን በሰጠበት በአትላንቲክ በኩል ግን የሳልሞን ዕጣ ሌላ ነው። አብዛኛው በድካም ቢሞትም፣ ከፊሉ ተርፎ ወደ ባሕር ይመለሳል፤ አገግሞና ደልቦ እንደገና ወደዚያው ወንዝ ይመጣል። ትልልቆቹ፣ ብዙ እንቁላል የሚጥሉት እናቶች፣ ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። የመልቀቅ ሐሳብ ሙሉ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ነገ የማይመለስን መልቀቅ በጎነት ብቻ ነው፤ ተመልሶ የሚመጣን መልቀቅ ግን ቁጠባም ነው።

የሕግ ሰው አንድ ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድምና በዉልፍ ላይ የሚቀርበውን ክስም ላንሳ። ቀጭን ክርና ትንሽ መንጠቆ መጠቀምን እንደ ውድድር ቆጥሮታል፤ ቁጥር 16 በምትባለው፣ ጥፍር ላይ በምታርፍ መንጠቆ 20 ፓውንድ የሚመዝን ሳልሞን ማውጣትን የአጥማጆች ማዕረግ እንዲሆን ያስተዋወቀው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የዓሣ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ ረጅም ጊዜ የታገለ ዓሣ ከተለቀቀ በኋላም ሊሞት ይችላል፤ በተለይም የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍና ዓሣው ለፎቶ ተብሎ ከውኃ ሲወጣ። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት መካከለኛ ዘንግ ያዝ፣ ቶሎ ጨርስ፣ ከውኃ አታውጣው የሚል ነው። በዚህ ነጥብ ዉልፍ ሙሉ በሙሉ ነፃ አይወጣም። ዓሣውን ለሰው ጀግንነት ማሳያ የማድረግ ፈተና እሱንም ነክቶታል። ነገር ግን የዛሬዎቹ ተቺዎቹ የሚከራከሩት ዓሣው በሕይወት እንዲለቀቅ ነው፤ ይህን የክርክር ሜዳ የከፈተላቸውም እሱ ነው።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። በወጣትነቴ ጥብቅና እሠራ በነበረበት ዘመን የሁለት ወንድማማቾች የውርስ ክርክር ደረሰኝ። ደንበኛዬ ታናሽየው ነበር። ክሱ በእጃችን ነበር፤ ማስረጃውም ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። ታላቅየው በሽማግሌ በኩል እርቅ ጠየቀ፤ ከቤቱ አንዱን ክፍል ብቻ ተውልኝ አለ። እኔ ደንበኛዬን አትልቀቅ አልኩት። ዓሣው እግራችን ሥር ደርሷል፣ ክሩን እናሳጥር፣ ዘንጉን ቀጥ እናድርግ ማለቴ ነበር። በፍርድ ቤት ረታን። ታላቅ ወንድሙ ግን ከዚያ ወዲህ ታናሹን ሰላም ብሎት አያውቅም፤ በእናታቸው ቀብር ላይ እንኳ ጎን ለጎን አልቆሙም። ቤቱን አወጣሁለት፤ ወንድሙን ግን ሰበርኩበት። በዚያ ካናዳ ወንዝ ዳር ወዳጄ ዘንጉን ወደ ጎን ዘንበል ሲያደርግ የታየኝ ያ ፋይል ነው። የሚሰበረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያሸነፍን ሲመስለን።

የዉልፍን ታሪክ ሳነብ ወደ አእምሮዬ ደጋግሞ የመጣው ሌላው ነገር ጣና ነው። ጣና ውስጥ ሳይንቲስቶች ላቤዮባርበስ የሚሏቸው፣ ከ15 በላይ የሚሆኑና አብዛኞቹ በዓለም ሌላ የትም የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ በርካቶቹ ልክ እንደ ሳልሞን በክረምት ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭን ወደመሳሰሉ ወንዞች እየዘለቁ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ልክ እንደ ኒውፋውንድላንድም፣ እናቶቹ ሊወልዱ ሲሰበሰቡ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። ዘመናዊው መረብና ባለ ሞተሩ ጀልባ ከገቡ በኋላ፣ በ1990ዎቹ የእነዚህ ዓሣዎች ብዛት በእጅጉ መቀነሱን አጥኚዎች መዝግበዋል። ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ መታተሙና ወንዝ አፍ ላይ መረብ አለመዘርጋቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አደራ፣ በሸንበቆ ሰደርያና በቀርከሃ ዘንግ ጣና ዳር እንሰለፍ እያልኩ አይደለም። ዉልፍ የሚለቀው ዓሣ ምሳው አልነበረም። የእኛ አጥማጅ ግን ልጆቹ የሚበሉትና ደብተር የሚገዙበት ያው ዓሣ ነው። የያዝከውን ልቀቅ ልንለው አንችልም፤ ነውርም ነው። ነገር ግን በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት፣ በጥቂት ወንዞች አፍ ላይ ብቻ፣ እናቲቱን አሳልፋት ማለት ይቻላል፤ በዚያ ጊዜ እሱ የሚኖርበትን መላ አብሮ በማሰብ። ይህን ሳያስቡ መከልከል ደግሞ እንደ እኔ ክሩን ማሳጠር ነው። ድሃውን አጥማጅ ቀጥ ባለ ዘንግ መሳብ መጨረሻው መሰበር ነው።

ሊ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ አትላንቲክ ሳልሞን የጻፈውን ትልቅ መጽሐፉን አሳተመ፤ ፊልም ሠራ፤ ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ተመልካቾች ወንዙን ሳሎናቸው ድረስ አመጣላቸው። በ1967 የዝንብ ውርወራ ሻምፒዮን የነበረችውን ጆን ሳልቫቶን አገባ። ሁለቱ በ1979 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ቢቨርኪል በሚባለው ወንዝ ዳር የማጥመድ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ጎልማሳውም ጎረምሳውም እየመጣ፣ እንዴት እንደሚያዝ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚለቀቅም ይማርበት ነበር። እሱም የመረቡ ንግድ እንዲቆም በየጉባኤው መሟገቱን አላቋረጠም።

ሚያዝያ 28 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. በ86 ዓመቱ የበረራ ፈቃዱን ለማሳደስ ከአሠልጣኝ ጋር አነስተኛ አውሮፕላን እያበረረ ሳለ፣ ኒው ዮርክ ግዛት ሃንኮክ አጠገብ አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ። በ86 ዓመቱ ፈቃድ ለማሳደስ የሚበር ሰው ምን ዓይነት ልብ እንደነበረው ለእናንተ ግምት ልተወው።

ከሞቱ በፊት አንድ ድል አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 የካናዳ መንግሥት በምሥራቁ ክፍለ ግዛቶች ትልልቅ ሳልሞን የያዘ አጥማጅ ሁሉ እንዲለቅ በሕግ አስገደደ። የወዳጄ የመጀመሪያ መልስ ይኼው ነው። ሌላኛውን ድል ግን ለጥቂት አላየውም። እሱ በሞተ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ በኒውፋውንድላንድ ደሴት ሳልሞንን በመረብ አጥምዶ መሸጥ ተከለከለ። ይህም ሆኖ ነገሩ አልተቋጨም። ባሕሩ እየሞቀ ነው፣ ወንዞች ተገድበዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የአትላንቲክ ሳልሞን በዓለም አቀፉ የጥበቃ መዝገብ ላይ ለአደጋ የተቃረበ ተብሎ ተመዝግቧል። ተሟጋቹ ሞቷል፣ ክርክሩ ቀጥሏል።

የተሟጋቹን ሕይወት ጨምቄ ሳየው ግን ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛው፣ ትልቁን ነገር የሚይዘው ጉልበት ሳይሆን ጊዜውን አውቆ ማላላትና መሳብ ነው። ሁለተኛው፣ የያዙትን ሁሉ ማስቀረት ማሸነፍ አይደለም። ያ ታላቅ ወንድም አሁን አርጅቷል፤ የት ሰፈር እንደሚኖርም አውቃለሁ። ይህን ጽሑፍ ከጨረስኩ በኋላ ታናሽየውን ስልክ ደውዬ ቡና ልጋብዘው አስቤአለሁ። ከሃያ ዓመት በኋላ የተሰበረ ዘንግ ይጠገን እንደሆነ እንጃ። ቀርከሃ ግን፣ ቀደም ብዬ እንደነገርኳችሁ፣ ተሰንጥቆ ተጣብቆ ነው ዘንግ የሚሆነው።

ሰላም ሰንብቱ።